ለሐጂ የተነሳሁ ዕለት

ሐኪሙን ነከስኩት። እጁን። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሀል ያለውን ሥጋ። ጓንቱ ጥርሴ ውስጥ ተቀደደ፤ መጀመሪያ ላስቲክ ላስቲክ አለኝ፣ ከዛ ጨው ጨው አለኝ። አልለቅም አልኩ። በሌላ እጁ ግንባሬን ገፍትሮ ነው ያስለቀቀኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባጭሩ ነው። ስክሪን ብዙ ማየት አልችልም።

ዲስአቢሊቲ አመልክቼ ነበር፤ መሥራት ላቃተው ሰው መንግሥት በየወሩ የሚልከው ቼክ ነው። ኮቪድ ይዞኝ ዳንኩ ተባለ፣ ጉልበቴ ግን አልተመለሰም። ፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት የምነዳ ሴትዮ ነበርኩ። አሁን ፀጉሬን ከታጠብኩ ማግስቱን አልጋ ላይ ነኝ። ከቤት የምወጣው ሐኪም ጋ ለመሄድ ብቻ ነው። ብርሃን ይመታኛል። ድምፅ ይመታኛል። ባሌም ይመታኛል።

ሰው የማይገባው አንድ ነገር አለ። መነሳት አልችልም ማለት አይደለም። እነሳለሁ። እራመዳለሁ። ቤት ቢቃጠል እሮጣለሁ። የሚገለኝ በኋላ ነው። ማታ ወይ በማግስቱ ይመጣና መኪና እንደሄደበት ሰው ያደርገኛል፤ ጥርሴ ራሱ ይደክመዋል። ሐኪም የሚያየው ስነሳ ነው። ስወድቅ ሐኪም የለም።

ባለፈው ዓመት አይገባሽም ብለው ዲናይ አደረጉኝ። ይግባኝ አልኩ። አሁን እኛ የመረጥነው ሐኪም ይይሽ ብለው አፖይንትመንት ላኩልኝ። ዳላስ። ከፎርት ዎርዝ ዳላስ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለኔ ሌላ አገር ነው።

ቼኩን የፈለግኩት ለውድነሽ ነው። ውድነሽ ዌርሃውስ አብራኝ ትሠራ ነበር። ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አላት። ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ እሰጥሻለሁ ብላኛለች። እሷም የቀን ሠራተኛ ናት፣ ሁለት ሰው ተሸክማ አትችልም።

«አንቺ ሴትዮ፣ የኪራዩን ግማሽ ብቻ ያዢልኝ። ራሴ አዝዬሽ አመጣሻለሁ» አለችኝ በስልክ።

«ከባድ ነኝ።»

«ፍሪጅ የተሸከምኩ ሴት፣ አንቺን?»

«ፍሪጅ አያቃስትም።»

«ፍሪጅም ያቃስታል፣ የኔን አልሰማሽውም።»

ሶ፣ ቼኩ ከመጣ እወጣለሁ። ካልመጣ እዛው ጦልሃ ጋ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ጦልሃ ባሌ ነው። ኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ተሳፋሪ ሁሉ ይወደዋል፤ ሻንጣ ያወርዳል፣ ይስቃል፣ ለአሮጊት በር ይከፍታል።

አንዴ ወጥቼ ነበር። ባለፈው ዊንተር በቀበቶ ገርፎኝ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ውድነሽ መጥታ ወሰደችኝ። ብዙም ሳልቆይ ሐጂ ዐብዱሰመድ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሐጂ የኛ የወሎ ሰዎች አባት ናቸው። ዳላስ ውስጥ ያጋቡናል፣ ያስታርቁናል፣ ይቀብሩናል። የውድነሽ ሶፋ ላይ ተቀመጡና «ልጄ ኢክላስ፣ የቤት ገመና ደጅ አይወጣም» አሉኝ።

ውድነሽ «ሐጂ፣ ጀርባዋን ላሳይዎት?» አለቻቸው።

«አንቺ ደግሞ የሰው ትዳር ላይ አትቁሚ።»

«አልቆምኩም፣ ቤቴ ነው የተቀመጥኩት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። እኔ ውድነሽ ላይ ሸክም መሆኔን እያየሁ ነበር፤ ሶፋውን ለኔ ሰጥታ መሬት ነው የምትተኛው። ሐጂ ራሳቸው መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ጦልሃ ጋ መለሱኝ። በሩ ላይ ለሁለታችንም ዱዓ አደረጉ።

የትከሻዬን ነገር ልንገራችሁ፣ ያለሱ አይገባችሁም። በአፖይንትመንቱ ሳምንት ጦልሃ ለምሳ መጣ። አልጋ ላይ ነበርኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ አለ።

«ተነሺ።»

«ዛሬ አልችልም።»

«ትናንትም አልቻልሽም። ነገም አትችይም። አላህ ለፍራሽ ብሎ ነው የፈጠረሽ?»

ክንዴን ያዘና ጎተተኝ። ከአልጋ እስከ ኪችን በአንድ ክንድ። ትከሻዬ ቀጭ አለ። ምንጣፉ ጉንጬን ላጠው። ኪችን ሲደርስ ለቀቀኝና ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ይኸው ደረስሽ። ያንቺ ፊዚካል ቴራፒ ይሄ ነው።»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከፍሪጁ ላይ ሙዝ አነሳ፣ ቆሞ በላ፣ ልጣጩን ሲንኩ ውስጥ ጣለና ሥራ ሄደ። እኔ እስኪመለስ ሲንኩ ሥር ነበርኩ።

ቆይ። ዓይኔ።

እሺ። አፖይንትመንቱ ቀን ጦልሃ ከመስጊድ ዊልቸር ተውሶ መጣ። አሮጌ ነው፣ የእግር ማስቀመጫው አልታጠፍም ይላል። መኪናው ኋላ ሲያስገባው ተሳደበ፣ በእርግጫ መታው፣ በመጨረሻ ገባለት። ከዛ እኔን አስገባኝ።

ሃይዌዩ ላይ ሻርፔን ዓይኔ ላይ ስቤ፣ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። የከባድ መኪና ድምፅ ሆዴ ውስጥ ይገባል። ጦልሃ መንገዱን ሙሉ ያስተምረኛል።

«እንዳትራመጂ።»

«እሺ።»

«እንዳትስቂ።»

«ምን ያስቀኛል?»

«አፍሽን ያዢ። ጭንቅላትሽን ወደ ጎን ጣል አድርጊው። እንዲህ። ምራቅም ካለሽ ይዝረክረክ፣ አትጥረጊው።»

«ጦልሃ፣ እኔ እኮ የእውነት ታምሜያለሁ።»

«ሶ? እነሱ በምን ያውቃሉ?»

እሱም አያምንም እኮ። እቤት ሰነፍ ነኝ፣ ሐኪም ፊት ግን ሽባ ልሁንለት። ቼኩ በሱ አካውንት እንዲገባ ነው። «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ እኔ እቀበልልሻለሁ» ይላል። እኔ በስልኬ የራሴን አካውንት ከፍቻለሁ። እሱን አያውቅም።

ፍሬን ያዘ፣ ቀበቶው ትከሻዬን ጨመቀው፣ አቃሰትኩ። ጭኔን በቡጢ መታኝ።

«እዚህ አይደለም የምታቃስቺው። እዛ አቆዪው።»

ክሊኒኩ ከሊኮር ስቶርና ከጥፍር ቤት አጠገብ ነው፣ ከላይ ፎቅ አለው፣ መስኮቶቹ ፓርኪንጉን ያያሉ። በሊፍት ወጣን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቲቪ ይጮሃል። ሰው ሞልቷል፤ ክራንች የያዘ አለ፣ ኦክስጅን የሚጎትት አለ፣ ሁሉም ሰው ከሌላው ይበልጥ የታመመ ለመምሰል የሚሞክር ይመስላል። እኔ ዊልቸሩ ላይ ጭንቅላቴን ጣል አድርጌያለሁ። ለማስመሰል አይደለም። መያዝ አቅቶኝ ነው።

አስተርጓሚ ይመጣል ብለውኛል። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

በሩ ተከፈተ። ሐጂ ዐብዱሰመድ ገቡ። አንገታቸው ላይ የአስተርጓሚ ባጅ አንጠልጥለዋል።

ተነሳሁ።

አላሰብኩም። ኮምቦልቻ፣ እኛ ቤት፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ወንበር ላይ የቀረ ልጅ በልምጭ ነው የሚገረፈው። አባቴ ልምጩን ከበሩ ጀርባ ነበር የሚያስቀምጠው። ባቴን ነበር የሚመታው። «መጀመሪያ እግርሽ ይነሳ፣ ሐሳብሽ ይደርሳል» ይል ነበር። እግሬ አልረሳም። ጉልበት የለኝም፣ በሽተኛ ነኝ፣ እኚህ ሰውዬ ገራፊዬ ጋ የመለሱኝ ናቸው፣ እግሬ አንዱንም አልጠየቀኝም። ከዊልቸሩ ተነሳሁ፣ ወደሳቸው ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ኧረ በአላህ! ቁጭ በይ ልጄ! ቁጭ በይ!»

ቁጭ በይ የሚባለው ከተነሱ በኋላ ነው። ተቀምጠሽ ብትጠብቂያቸው ማንም ቁጭ በይ አይልሽም።

ጦልሃም ተነስቶ ነበር። እንደኔው ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ተለወጠ። የሚያየውን አየሁ። የውስጡ በር ተከፍቶ ሐኪሙ ፎልደር ይዞ ቆሟል። ረጅም ሰውዬ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እኔን ያያል። ባዶውን ዊልቸር ያያል። እንደገና እኔን ያያል።

ፈገግ አለ።

ጦልሃ መልሶ ሲያስቀምጠኝ ጣቶቹን አንገቴ ሥር ቀበራቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐጂ እኮ ናቸው።»

«አየሁ! እሱም አየ!»

«አንተም ተነስተሃል።»

«እኔ ነኝ እንዴ በሽተኛው?»

ሐኪሙ ጦልሃን ውጪ ጠብቅ አለው። ሐጂ ብቻ ከኔ ጋር ገቡ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ነጭ መብራት አለው፣ ዓይኔን እንደ መርፌ ይወጋኛል። መብራቱን ቀንስልኝ አልኩ። ሐጂ ነገሩት። «ማየት አለብኝ» አለ። ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ ላይ አወጡኝ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ ይጠይቃል፣ ሐጂ ያስተረጉማሉ።

«መኪና ትነጃለሽ?»

«ድሮ። ከታመምኩ ወዲህ መሪ አልነካሁም።»

ጻፈ።

«ምግብ ታበስያለሽ?»

«አላበስልም።»

«ማን ያበስላል?»

«ማንም። ስችል ዳቦ እበላለሁ።»

ሐጂ «ባሏ ያግዛታል» አሉት በእንግሊዝኛ።

አየኋቸው። መስኮቱን ያያሉ።

እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ዓመታት የሰደበኝ በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱን የሞላው ጦልሃ እንግሊዝኛ አትችልም ብሎ ስለጻፈ ነው አስተርጓሚ የተላከልኝ። ለበሽታዬ ቃል አይጠፋብኝም፣ ቀስ ብዬ ከተናገርኩ።

ሐኪሙ ጉልበቴን በመዶሻ መታ። ጣቴን ጨመቀ። ተነስተሽ ተራመጂ አለኝ፣ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ፣ ግድግዳ ይዤ። «ግድግዳውን ሳትይዥ» አለኝ። ሳልይዝ ሄድኩ። ክፍሉ ዞረ። ውጪ ባትነሺ ይሻልሽ ነበር፣ አልኩ ለራሴ። ከዛ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበው።

ከክርኔ እስከ ብብቴ ጠቁሯል። የጦልሃ ጣቶች ያረፉበት ሳይቀር ይታያል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባሌ ነው። ጎትቶኝ ነው» አልኩ በአማርኛ።

ሐጂ ባጃቸውን ያዙ። አገላበጡት፣ መልሰው አገላበጡት።

«ባኞ ቤት ወድቃ ነው» አሉት።

«ኖ» አልኩት ሐኪሙን። «ማይ ሀዝባንድ።»

ሐኪሙ መዳፉን አነሳ። «በአስተርጓሚው በኩል፣ እባክሽ። ሁለት ሰው ሲናገር መጻፍ አልችልም።»

«ሐጂ፣ ያልኩትን ይንገሩት።»

«ልጄ፣ ይሄ ፈረንጅ ነው። ይሄን ከሰማ ያሳስረዋል። ከታሰረ የመኖሪያ ወረቀቱ ይበላሻል፣ ከአገር ያስወጡታል። እሱን ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«አትፈልጊም» አሉኝ። ወደ ሐኪሙ ዞሩና «ትንሽ ግራ ተጋብታለች» አሉት።

ሐኪሙ ያንንም ጻፈ።

«ክንድሽን ወደ ላይ።»

እስከ ደረቴ አነሳሁ። እዛ ቆመ።

«እስከ ላይ።»

«አይሄድም።»

«ውጪ ሳይሽ በደንብ ነበር የተነሳሽው። ዊልቸሩን ጥለሽ።»

«ለሳቸው ነው የተነሳሁት» አልኩ።

ይሄን ሐጂ አንድ ቃል ሳያጎድሉ አስተረጎሙ። እንዲያውም ጨመሩበት። «ባህላችን ነው ጌታዬ። ለትልቅ ሰው ይነሳል። በደንብ ያደገች ልጅ ናት» አሉት። ደስ ብሏቸዋል።

«ጥሩ ባህል ነው» አለ ሐኪሙ። «ለኔም ታንሳልኝ እስቲ።»

በአንድ እጁ አንጓዬን ያዘ፣ ሌላውን እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ፣ ክንዴን ወደ ላይ ወሰደው። ቀጭ አለ። ያው ድምፅ። ያው የኪችን ወለል መጣብኝ።

«ተው!» አልኩ። «ስቶፕ!»

ሐኪሙ ሐጂን አያቸው።

«ቻይው ልጄ» አሉኝ ሐጂ። ለሱ ደግሞ «ይቀጥሉ፣ ችግር የለም» አሉት።

ቀጠለ። ክንዴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ትከሻዬ ላይ ያለው እጁ አፌ አጠገብ ነበር።

ነከስኩት።

ሲገፈትረኝ ከአልጋው ወደቅኩ። ወረቀቱም አብሮኝ ተቀዶ ወረደ። የዕቃ ማስቀመጫው ተገለበጠ፣ መዶሻው ተንከባሎ አልጋው ሥር ገባ። ሐኪሙ እጁን ቧንቧ ሥር አድርጎ ይጮሃል።

«ፖሊስ ነው የምጠራው!»

«ኮል!» አልኩት ከመሬት። «ፕሊስ። ኮል።»

ወላሂ ደስ አለኝ። ፖሊስ ይምጣ። እኔንም ይዘውኝ ይሂዱ። ክንዴን ያዩታል፣ ማነው ይሉኛል፣ አስተርጓሚ አልፈልግም እላቸዋለሁ።

ሐጂ መሀል ገቡ። ሽምግልና ጀመሩ። ደረታቸውን ይዘው «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሕመምተኛ ናት፣ ቤተሰብ አላት፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ በነጭ ፀጉሬ» ይሉታል። ሐኪሙ ይጮሃል፣ እሳቸው ዝቅ ይላሉ። እሱ ዝቅ ሲል እሳቸው ትከሻውን ዳበስ ያደርጉታል። አስታረቁት። ነካሿ እኔ፣ ተነካሹ እሱ፣ ታራቂዎቹ እሱና ሐጂ።

«ከዚህ ይውሰዷት» አለ። «ጨርሻለሁ።»

ጦልሃ ዊልቸሩን እየገፋ ለሪሴፕሽኗ «ታንክዩ፣ ሀቭ ኤ ጉድ ዴይ» አላት። ሊፍት ውስጥም ፈገግ እንዳለ ነው። ፓርኪንጉ ይፋጃል፤ ኦገስት ነው፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ሐጂ ከጎናችን እየተራመዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩት።

«ነከሰችው።»

ጦልሃ ዊልቸሩን አቆመ። በእኛ መኪናና አጠገቡ በቆመው ቫን መሀል አስገባኝ። ዞሮ ፊቴ መጣ።

«ነከስሽው?»

«አዎ።»

በጥፊ ነበር መጀመሪያ። ከዛ በቡጢ፣ አፌን። ከንፈሬ በጥርሴ ተቀደደ። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሄደና የቫኑ በር ላይ ተጋጨ።

«ለሐጂ እግር አለሽ። ለፈረንጅ ጥርስ አለሽ። ለኔ ብቻ ነው በሽተኛዋ?»

ደገመኝ። ፀጉሬን ከነሻርፑ ጨምድዶ ጭንቅላቴን ቫኑ ላይ አላተመው። ቫኑ አላርም ጀመረ።

«ጦልሃ!» አሉ ሐጂ። ክንዱን ያዙት። «እዚህ አይደለም! ካሜራ አለ። ቤታችሁ ግቡ።»

እዚህ አይደለም አሉት። ተው አላሉትም።

አንስቶ ጋቢና ወረወረኝ። መኪናውን አስነስቶ ኤሲውን ለቀቀ፤ በዚህ ሙቀት ሁሉም ሰው እንደዛ ነው፣ መጀመሪያ ሞተር ነው የሚነሳው። በሩን ዘጋብኝና ዊልቸሩን ሊጭን ወደ ኋላ ሄደ። የኋላውን በር ወደ ላይ ከፈተው። የእግር ማስቀመጫው አልታጠፍ አለው። ብረት ብረትን ሲመታ ይሰማኛል። ዊልቸሩን ይሳደባል፣ እናቱን ይሳደባል፣ የኔን እናት ይሳደባል።

ሐጂ መኪናቸው ከፊት ለፊታችን ነው የቆመው። ወደዛ ይሄዳሉ። ቆባቸውን እያስተካከሉ ነው።

ደሜን ዋጥኩ። ቀና ስል ፎቁ ላይ ሐኪሙን አየሁት። መስኮቱ ጋ ቆሟል። እጁ ላይ ፋሻ ጠቅልሏል። የአላርሙ ጩኸት ይሆናል ያመጣው። ፓርኪንጉን ያያል።

መኪና ትነጃለሽ? መሪ አልነካሁም። ጽፎታል።

ስነዳ ካየኝ አለቀ። ቼክ የለም። ይግባኝም የለም። ለውድነሽ የምይዘው ነገር የለም። በማግስቱ ደግሞ በሽታው መጥቶ አንድ ሳሎን ወለል ላይ ይዘረጋኛል፣ ሰው ውሃ ካላመጣልኝ የማልጠጣ ሆኜ።

የነጂው ወንበር ባዶ ነው። ሞተሩ ይሠራል። ቪከሪ ሜዶ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ግሪንቪል አቬኑን ይዞ መውረድ ነው።

ይየኝ።

በማርሹ ላይ ተሻገርኩ። መጀመሪያ እግሬን፣ ከዛ ቂጤን። ክንዴ መሪው ላይ ሲያርፍ ትከሻዬ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። መቆለፊያውን ተጫንኩ። በሮቹ ቀጭ አሉ። የኋላው ብቻ ክፍት ነው።

ጦልሃ ቀና አለ። በመስታወቱ ተያየን።

«ኢክላስ?»

ማርሹን ዲ ላይ አስገባሁ።

«አንቺ! ኢክላስ!»

መኪናው ከቦታው ወጣ። ሐጂ ዞሩ። ማን እንደሚነዳ አዩ። መንገዱ መሀል ገቡ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁሚ! ቁሚ ልጄ!»

እግሬ ፍሬን ያዘ። አሁንም ሳይጠይቀኝ። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ሐጂ መጥተው ሁለት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ።

«ሐጂ፣ ከመንገዱ ይውጡልኝ!»

«አትሄጂም! ወንድ ልጅ ነው፣ ተቆጥቶ ነው፣ ይበርድለታል። ውረጂ!»

«ይውጡ ሐጂ! እሄድብዎታለሁ!»

«በኔ ላይ? አባትሽን በሚያክል ሰው?»

ከኋላ መኪናው ወረድ አለ። ጦልሃ ነው። በተከፈተው በር በዊልቸሩ ላይ እየተሳበ ገብቷል። አንድ ጉልበቱ ውስጥ ነው። እጁ የኋላውን ወንበር ያዘ።

«ያዙልኝ ሐጂ! አቁሙልኝ!» ይላል። ለኔ ደግሞ፣ «እገልሻለሁ። ዛሬ እገልሻለሁ።»

ሐጂ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት። በሬ እንደሚያረጋጋ ሰው።

«ውረጂ የኔ ልጅ። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ፍሬኑን ለቀቅኩ።

መኪናው በራሱ ወደ ፊት አለ። ሐጂን ጉልበታቸው ላይ ገፋቸው። ወደ ኋላ ተራመዱ። እጃቸውን ከኮፈኑ አላነሱም፣ ዓይናቸውንም ከኔ። አላመኑም። ክላክሱን ተጫንኩ፣ አልለቀቅኩትም። ድምፁ ጭንቅላቴን ለሁለት ሰነጠቀው። የጦልሃ ጣቶች ከኋላ ሻርፔን አገኙት፣ ጎተቱት፣ አንገቴን ወደ ወንበሩ ሰበሩት።

ሻርፑን ፈታሁት። በእጁ ቀረ።

ነዳጁን ረገጥኩት።

ሐጂ ወደ ጎን ተወረወሩ። ቆባቸው ኮፈኑ ላይ ቀርቶ ትንሽ ተከተለኝና ወደቀ። ከኋላዬ ዊልቸሩ እየተንኳኳ ወጣ፤ ጦልሃም አብሮት ወጣ። አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ሐኪሙ መስኮቱ ላይ ነበር።

የኋላው በር እንደተከፈተ፣ ፀጉሬ እንደተገለጠ፣ ከፓርኪንጉ ወጣሁና ወደ ግሪንቪል ታጠፍኩ።